«እንዴት አደሩ?» ከተባለ በኋላ

በቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአረጋውያን ምእመናን አንዱ ያደረጉት ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ክቡራን የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ተቀምጣችሁ «ይህ ሽማግሌ መቼ ይጨርስ ይሆን?» የምትሉ ልጆቻችን፤ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከቀድሞው ዘመን የማስታውሰውን እንድናገር ሲጠይቀኝ እምቢ ለማለት አስቤ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እንዴት እንደ ተመሠረተች፣ የመጀመሪያው ጸሎት በማን ሳሎን እንደ ተደረገ፣ የዚህ ሕንፃ ዕዳ እንዴት ተከፍሎ እንዳለቀ፣ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ተናግረዋል፤ ቃለ ጉባኤውም በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። እኔ የምነግራችሁ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ያልተጻፈውን ነው። ይኸውም ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እኛ አረጋውያን ስለ ምን ስንነጋገር እንደ ኖርን ነው። ልጆቻችን መልሱን ያውቁታል። ስለ አየሩ ነው። ስለ ብርዱና ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ አልቦካ ስላለ ሊጥ፣ ስለ ዘገየ አውቶቡስ። ከወጣቶቹ አንዱ ጠረጴዛችንን «የሚኒሶታ የአየር ትንበያ ጣቢያ» ብሎ ሰይሟታል፤ ስሙም ጸንቶ ቀርቷል።

ዛሬ ለዚያች ጠረጴዛ ጠበቃ ሆኜ ቆሜአለሁ። በዚያው ደግሞ አንድ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ፤ ከሁለቱ ሊጠቅማችሁ የሚችለው ይልቁን ሁለተኛው ነው።

እኔ ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣሁት ከሱዳን ስደት በ1984 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ገና ወር ሳይሞላኝ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 31 ቀን 1991 መሆኑ ነው፣ በረዶ መውረድ ጀመረ። በአገራችን በረዶ ማለት ከዶፍ ዝናብ ጋር የሚወርድ፣ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ የሚመታ ጠጠር ነው፤ መምጣቱ በድምፁ ይታወቃል። ይህኛው ግን አንዳች ድምፅ አልነበረውም። በመስኮት ቆሜ አየሁት፤ ተኛሁ፤ ስነሣም እየወረደ ነበር። እስከ ጥቅምት 23 ድረስ ሳያባራ 28 ኢንች ተኩል ያህል፣ ማለትም ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ወረደ። የዚህ አገር ሰዎች «የሃሎዊን በረዶ» እያሉ እስከ ዛሬ ያነሡታል። በመካከሉ ጥቅምት 21 ማርያም ነበረች፤ ወቅቱም በእኛ አቆጣጠር ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ነው። አገር ቤት ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ሰሞን እኔ በማላውቀው ከተማ፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ መኪኖቹ የት እንደ ገቡ እየፈለግሁ በመስኮት አያለሁ።

በዚያን ዕለት በሬ ተንኳኳ። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣና ከታች ባለው ፎቅ የሚኖር ሐበሻ ነበር፤ በአንድ እጁ አካፋ፣ በሌላው እጁ አንድ ጥንድ ከባድ ጫማ ይዟል። ገና ሰላም ሳንባባል «ወንድሜ፣ ስሙ በረዶ ነው። አይናከስም፤ ግን ያንሸራትታል» አለኝ። ጫማውን ሰጠኝ። ከዚያም ወደ ሱቅ አብረን ወጣን። ስሜን የጠየቀኝ ከሱቅ ስንመለስ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሱና እኔ አንተ አንተ የምንባባል ወዳጆች ነን። የወዳጅነታችን የመጀመሪያው ቃል ስለ አየሩ የተነገረ ቃል መሆኑን እንድታስተውሉልኝ እወዳለሁ።

ይህ ወዳጄ ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው። ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው የምድር ባቡር ድርጅት በጥገና ክፍል ሠርቷል። ሙቀት ለእርሱ አገር ነው። ቀስ በቀስ ሌሎች ሁለት ወዳጆች ተጨመሩልን። አንደኛዋ የደብረ ብርሃኗ እትዬ ናቸው። ውርጭ እርሻውን ነጭ አድርጎ ሲያድር እያዩ ያደጉ ስለ ሆነ፣ ስለ ሚኒሶታ ብርድ በተነሣ ቁጥር «ይህማ ብርድ አይደለም፤ ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ብርድ ማለት የእኛው ነው» ይሉ ነበር። ሌላው ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍልንና የጎጃሙ መምህር ነበሩ። እሳቸው የዝናብ ሰው ናቸው። ካፊያውን ከዶፉ፣ ዶፉን ከወጨፎው፣ ጉሙን ከጭጋጉ ለይተው፣ በሐምሌ ወንዝ ሞልቶ ተማሪው ማዶ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ይነግሩን ነበር። አራተኛው እኔ የጉለሌው ልጅ ነኝ። እኔ የማውቀው ጭቃ ብቻ ነው።

በዚያች ጠረጴዛ አራት አገር፣ አራት አየር ነበር። እትዬ ሊጡ በክረምት በሦስት ቀን አልቦካ እንዳላቸውና ጋኑን ከማሞቂያው አጠገብ እንዳስጠጉት ይናገራሉ። መምህር በመስኮታቸው ሥር በሳጥን የተከሉትን ጤና አዳም ሽኮኮ እንደ ቆፈረባቸው ያማርራሉ። ወዳጄ በታኅሣሥ ፀሐይ ገና በ10 ሰዓት ተኩል መጥለቋን፣ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አልጠልቅም ማለቷን እንደ ግል በደል ይቆጥረው ነበር። በአገራችን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ሰው ፀሐይን አይቶ ሰዓቱን ይናገራል። እዚህ ግን ፀሐይም አትታመንም፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ሰዓቱ ራሱ ይቀየራል። «ባቡር እንኳ እንዲህ አያዘገይም» ይል ነበር ወዳጄ።

ልጆቻችን አድገው፣ አግብተው፣ ከከተማው ወጣ ብለው ቤት ሲገዙ፣ ከአራታችን ሦስቱ ለየብቻችን ቀረን፤ ትዳር የነበረን አንዱን ወገናችንን ቀብረን ነበርና። ያን ጊዜ እትዬ አንድ ሥርዐት አወጡ። ከጠዋቱ በ1 ሰዓት እሳቸው ለእኔ ይደውላሉ፤ እኔ ለባቡሩ ወዳጄ እደውላለሁ፤ እርሱ ለመምህር ይደውላል፤ መምህር ለእትዬ ይደውላሉ። ቀለበቱ ተዘጋ ማለት ነው። 2 ሰዓት እስኪሆን ቀለበቱ ካልተዘጋ እትዬ በወዲያኛው በኩል ይጀምራሉ፤ የተቋረጠው በማን ዘንድ እንደ ሆነም ይታወቃል። የእያንዳንዳችን ቤት ቁልፍ በሌላው እጅ ይገኛል። ሥርዐቱ ይኸው ነው። መዋጮ የለውም፤ ሊቀ መንበርም የለውም። ለእንዲህ ያለው ነገር ሊቀ መንበር ያልመረጠ የሐበሻ ማኅበር እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

በስልክ የምንባባለውም እንደ ጠረጴዛው ያው ነበር። «እንዴት አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ በኋላ ወደ አየሩ እንገባለን። እውነቱን ለመናገር እኔ አንዳንድ ቀን ይሰለቸኝ ነበር። በመስኮት የማየውን በረዶ ሌላ ሰው በስልክ ሲነግረኝ «እኔም እኮ ዐይን አለኝ» እል ነበር በልቤ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር 22 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ረቡዕ ነበር። በዚያች ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 ደረሰ፤ ከነፋሱ ጋር ሲታሰብማ ከዚያ እጅግ የከፋ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደሉን አቆመ። እትዬ በ1 ሰዓት ደወሉልኝ፤ እኔም ለወዳጄ ደወልሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወዳጄ መልሶ ደወለና «መምህር አያነሡም» አለኝ። ሁለተኛ ሞከረ፤ አላነሡም። ወርጄ መኪናዬን ባስነሣት ባትሪዋ ሞታለች። እትዬ ደግሞ ሌሊቱን በሆስፒታል ሥራ አድሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ለነበረ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣት ደወሉ፤ እርሱም ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ ሄደ።

የመምህር ቤት ማሞቂያ ሌሊቱን ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ስልካቸውም ኃይሉ አልቆ ጠፍቷል። መምህር ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ካፖርታቸውን በላዩ ጨምረው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ገጹን መግለጥ አልቻሉም። ወጣቱ ደንግጦ «መምህር፣ እንዴት አደሩ?» አላቸው። ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት።

ወጣቱ ይህን በነገረን ጊዜ ሳቅን፤ ከዚያም ሁላችንም ዝም አልን። ያች ዝምታ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ምክንያቱም መምህር የመለሱት ትክክል ነበር። ክርስቲያን በማጣትም በማግኘትም፣ በብርድም በሙቀትም የሚመልሰው መልስ ይኸው ነው፤ አባቶቻችን ያስተማሩንም ይህንኑ ነው። ነገር ግን መልሱ ምንጊዜም አንድ ከሆነ፣ ሰውየው ያለበትን ሁኔታ ከመልሱ ማወቅ አይቻልም። ጤነኛውም በሽተኛውም፣ የጠገበውም የተራበውም፣ ቤቱ የሞቀውም የቀዘቀዘውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው፤ እርሱ ደግሞ የልባችንን ያውቃል። እኛ ሰዎች ግን የልብ ዐዋቂዎች ስላልሆንን ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልገናል። «ቤቱ ይሞቃል? በረንዳው በረዶ ይዟል? ሊጡ ቦካ? ሌሊት ነፋሱ አስተኛህ?» የዚያች ጠረጴዛ ወሬ ሁሉ ለካ ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ የማይናገረውን ስለ አየሩ ሲጠየቅ ይናገረዋል። «አሞኛል» ማለት የሚያሳፍረው ሰው «ዛሬ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» ማለት አያሳፍረውም።

መምህር ከዚያ በኋላ አራት ፋሲካ አብረውን አከበሩ። ከአራቱ አንዱን፣ የ2012ቱን፣ በወረርሽኙ ምክንያት በየቤታችን ተዘግተን በስልክ ነበር ያሳለፍነው፤ ቀለበታችን ግን አንድም ጠዋት አልተቋረጠም። ከአራተኛው ፋሲካ በኋላ ግን መምህር በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ያን ዕለት ጠዋት የተገኙትም በቀለበቱ ነው፤ ብቻቸውን አልቆዩም። እኛም ሦስት ሆነን ቀጠልን። ከእትዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ባቡሩ ወዳጄ፣ ከእርሱ ወደ እትዬ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። የምናገረው ስለ ወዳጄ ስለ ሆነ አስቀድሜ የልጆቹን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ እነርሱም «ለሌላ ቤት ይጠቅማል፤ ተናገረው» ብለውኛል።

በ2015 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት ጠዋት እንደ ልማዴ ደወልሁለት። «እንዴት አደርህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «አየሩስ እንዴት ነው?» «ዛሬ ሙቀቱ አይጣል ነው» አለኝ። «አቧራው ዐይን አያስገልጥም። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ይፋጃል።» ደቻቱ በድሬዳዋ መካከል የሚያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ፣ ዝናብ በደጋው ሲጥል ግን በድንገት የሚሞላ ወንዝ ነው። በመስኮቴ ሳይ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ቀልዱ መስሎኝ ከልቤ ሳቅሁ። እርሱም ሳቀ። በሳምንቱ ግን ደግሞ ስለ ሙቀቱ ነገረኝ። በዚህኛው ጊዜ ስስቅ እርሱ አልሳቀም፤ «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። ያን ጊዜ ቀልድ እንዳልሆነ ዐወቅሁ።

ዐውቄም ዝም አልሁ። ለልጆቹ አልነገርሁም፤ ለእትዬም አልነገርሁም። ለምን? የወዳጄን ገመና የሸፈንሁ መስሎኝ ነው። በዚህ በሰው አገር ሠላሳ ዓመት በላይ ቀና ብሎ የኖረ ሰው «አእምሮው ደከመ» እንዲባል አልፈለግሁም። እውነቱን ልጨምር፤ የፈራሁት ለራሴም ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫማዎች ያመጣልኝ ሰው መንገዱ ከጠፋው እኔን ማን ይመራኛል? ስለዚህ አየሩን መጠየቅ ተውሁ። «እንዴት አደርህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «በል ደኅና ዋል።» እዚያው ላይ አቆምሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሆን ብዬ ተውሁት፤ መልሱን ፈርቼ ነበርና።

በየካቲት አንድ ማታ ወዳጄ ከቤቱ ወጣ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በከተማው የባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ተገኘ። ጓንት አላደረገም። ያገኙት ሰዎች ምን እንደሚጠብቅ ሲጠይቁት የማታውን ባቡር እንደሚጠብቅ ነገሯቸው። እግዚአብሔር በቸርነቱ አተረፈው፤ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ ይደነዝዛል። ሰላም ስለው እነዚያን ጣቶች እጨብጣለሁ። የእኔ ዝምታ ዋጋ በወዳጄ እጅ ላይ አለች።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ወደ ሐኪም ወሰዱት፤ እትዬና እኔም አብረን ሄድን። ሐኪሟ «መቼ ጀመረው?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ በየሳምንቱ ይጎበኙታል። እርሱ ግን በጠየቁት ጊዜ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር የሚላቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ እትዬ ከቦርሳቸው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ አወጡ። በሥዕለ አድኅኖ የተጌጠ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የምታድለው ያው መቁጠሪያ ነው። በየቀኑ ሣጥን ውስጥ በደቃቅ ጽሕፈት ወዳጄ በስልክ የነገራቸው አየር ተጽፏል። «በረዶ።» «ፀሐይ ያላት ብርድ።» «ነፋስ።» ጥር 12 ላይ «ሙቀት፣ አቧራ» ይላል። ጥር 19 ላይ «ሙቀት።» ከዚያ ወዲያ እየበዛ ይሄዳል። እትዬ ይህን የጻፉት ሊሰልሉት አልነበረም፤ እናታቸው ደብረ ብርሃን ሳሉ የውርጩን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል ያሰምሩ ስለ ነበር፣ ያንኑ ልማድ ይዘው ነው። እሳቸውም በጥር የሰሙትን እንደ እኔው በቀልድ አልፈውታል፤ ነገሩ የገባቸው ከጣቢያው በኋላ ነው። ሐኪሟ ግን መቁጠሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተርጉማ ሰማች፤ ብዙ ልጆች ሊመልሱት ለማይችሉት ጥያቄ መልሱን በቀን ተጽፎ አገኘችው።

እነሆ፣ ልጆቻችን «የትንበያ ጣቢያ» ያሉት ወሬ መዝገብ ሆኖ ተገኘ። የጣቢያው አንዱ ሠራተኛ ግን ሥራውን ትቶ ነበር። ያ ሠራተኛ እኔ ነኝ።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። የመከሩኝን ምክር እዚህ አልዘረዝርም፤ አንዱን ብቻ እነግራችኋለሁ። «የሸፈንኸው ገመናውን ሳይሆን በሽታውን ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሌላም አለና ለሌላው ንገር» አሉኝ። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ስለዚህ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ አየር መናገርን ከንቱ ነገር አድርጋ አታውቅም። ዓመቱን በመጸው፣ በበጋ፣ በጸደይና በክረምት ከፍላ ለእያንዳንዱ ዝማሬ ሰጥታዋለች። በጸሎቷም ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ትለምናለች። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ እሳት መካከል ቆመው ፍጥረትን ሁሉ ወደ ምስጋና ሲጠሩ፣ ከጠሯቸው መካከል ብርድና በረዶ፣ ውርጭና አመዳይም ይገኛሉ። በእሳት ውስጥ ያለ ሰው ብርድን አስታወሰ፤ ከእርሱ ጋር በአንድነት እንዲያመሰግንም ጋበዘው። እኛ ደግሞ በብርድ ውስጥ ሆነን የወዳጃችንን ሙቀት ብናስታውስለት ምን ይጎዳናል?

ስለዚህ ዛሬም እደውልለታለሁ። አሁን ከታላቅ ልጁ ቤት ይኖራል፤ መኪናም አይነዳም። ስለ አየሩ እጠይቀዋለሁ፤ እርሱም ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን የሚኒሶታን አየር ይነግረኛል፤ ብዙ ቀን ግን የድሬዳዋን ነው። አልከራከረውም፤ አልስቅበትምም። «ሙቀት ከሆነ ጥላ ፈልግ፤ ውኃም ጠጣ» እለዋለሁ። እርሱም «አንተስ?» ይለኛል። ብዙ ነገር ጠፍቶበታል፤ «አንተስ?» ማለት ግን አልጠፋበትም።

ከመጨረሴ በፊት ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እለምናለሁ። በመጀመሪያ፣ ብቻችሁን የምትኖሩ አረጋውያን ሁሉ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቀለበት አብጁ። ሁለት ሰው ይበቃል። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ቁልፋችሁ በሌላ ሰው እጅ ይደር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው እንዲሁ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ሆይ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ በስልክ ስለ በረዶ መናገር ሲጀምሩ አትቸኩሉ። ሥራ እንዳለባችሁ እናውቃለን፤ እንድትሠሩ ያመጣናችሁም እኛው ነን። ነገር ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሏችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ዛሬ ወጥተሽ ነበር? ምሳ ምን በላህ? ያ የመስኮቱ ጤና አዳም ደረሰ?» በሉ። መልሱ ከወትሮው ከተለየ አስታውሱት፤ ቢቻል ጻፉት።

ሦስተኛው ልመናዬ እንደ እኔ ላሉት ነው። በወዳጃችሁ ንግግር ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር የሰማችሁና ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ይህ በዓል ሳያልፍ ለሚመለከተው ሰው ንገሩ። ወዳጅነት ማለት የወዳጅን ድካም ከሌላው መደበቅ ይመስለን ይሆናል። ኢዮብ በመከራው ጊዜ ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ዝምታ መልካም ነበር፤ አጠገቡ ሆነው ሕመሙን እያዩ ዝም ብለዋልና። የእኔ ዝምታ ግን ላለማየት ነበር። ሁለቱ ዝምታዎች አንድ አይደሉም።

ዛሬ ጠዋት ቀለበታችን በሰዓቱ ተዘግቷል። እትዬ ደወሉልኝ፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ እንደ ሆነና የግቢያቸው ዛፍ ቅጠሉን እንደ ጨረሰ ነገሩኝ። እኔም ለወዳጄ ደወልሁ። «ደቻቱ ሌሊቱን ሞልቷል፤ ዛሬ ማንም እንዳይሻገር ንገራቸው» አለኝ። እነግራቸዋለሁ አልሁት፤ ይኸው ነገርኋችሁ። እርሱም ከልጆቹ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ያዳምጠኛል። ከዚህ ስወርድ እንዴት እንዳመሸ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያም ስለ አየሩ እጠይቀዋለሁ።

የመሠረቱልንን አባቶችና እናቶች፣ ያለፉትንም ወዳጆቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ያለነውን ደግሞ የምንጠያየቅ ያድርገን። ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።